ስለ ጠፋ ንዋይ

ከሰው እጅ ሥራ ሁሉ እንደ ገንዘብ ቶሎ የሚጠፋ፣ ከጠፋም በኋላ እንደ ገንዘብ ረጅም ዕድሜ የሚሰጠው ነገር እምብዛም አይገኝም። ቤት ይፈርሳል፣ ብራና በእሳትና በምስጥ ያልቃል፣ ግምጃ ይበሰብሳል፤ ከእጅ አምልጣ በገበያ ትቢያ ውስጥ የወደቀች አንዲት የነሐስ ሳንቲም ግን፣ የጣላት ሰው ጥቂት ፈልጎ፣ ጥቂት ተቆጭቶ፣ ኋላም ረስቷት ከሞተ በኋላ፣ ልጆቹና የልጅ ልጆቹም ካለፉ በኋላ፣ የተገበያየበት ከተማ ፈርሶ ማሳ፣ ማሳውም መልሶ መንደር ከሆነ በኋላ፣ የንጉሥዋን መልክና የመስቀልዋን ቅርጽ እንደ ያዘች ከአፈር በታች ትቀመጣለች። ባለቤት ያጣ ንዋይ ባለቤት ካለው ንዋይ ይልቅ መሰንበቱ፣ ስለዚህ ስለ ኃላፊው ዓለም ለሚያስብ ኅሊና የማይናቅ ጥያቄ ነው።

የዛሬ ሰው ግን ጥያቄውን ከማሰላሰል ይልቅ ንዋዩን ለመፈለግ ይቸኩላል፤ ለዚህም መሣሪያ አበጅቷል። ዲቴክተር የሚባለው ብረት ፈላጊ በረጅም ዘንግ ጫፍ የተያዘ፣ እንደ ምጣድ ክብ የሆነ የሽቦ ጥቅል ነው፤ በሽቦው ውስጥ የሚመላለሰው ኤሌክትሪክ መግነጢሳዊ ኃይል ወደ መሬት ይሰዳል፤ ያም ኃይል በአፈሩ ውስጥ ብረታ ብረት ባገኘ ጊዜ በብረቱ ላይ ደካማ ጅረት ያስነሣል፤ ይህም ጅረት በተራው የራሱን መግነጢስ ወደ ላይ ስለሚመልስ፣ መሣሪያው መልሱን ወደ ድምፅ ለውጦ በፈላጊው ጆሮ ይጮኻል። የአሠራሩ ጥንት አሳዛኝ ነው። የቴሌፎን ፈልሳፊ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 በጥይት የቆሰለውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጋርፊልድን ለማዳን፣ በሰውነቱ ውስጥ የቀረችውን እርሳስ በዚህ ዓይነት መሣሪያ ሊያገኛት ሞክሮ አልተሳካለትም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች የተቀበረ ፈንጂ ፈለጉበት፤ በእኛም አገር እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2000 ከተደረገው ጦርነት በኋላ ፈንጂ አምካኞች በድንበሩ መሬት ላይ ይዘውት የተመላለሱት ለዚሁ ነበር። ሞትን ከአፈር ለማውጣት የተበጀው ይህ ጥበብ ዛሬ በብዙ አገር የዕረፍት ቀን ጨዋታ ሆኖ፣ በፈረሱ ከተሞችና በተረሱ የጦር ሰፈሮች ላይ የጥንት ሳንቲም ይታደንበታል።

ገንዘብ ወደ መሬት የሚገባባቸው በሮች ሁለት ናቸው፤ አንዱ መጥፋት፣ ሁለተኛው መደበቅ። ወንጌል ሁለቱንም ያውቃቸዋል፤ ከዐሥሩ ድሪሟ አንዱ ጠፍቶባት መብራት አብርታ ቤቷን የጠረገችው ሴት የመጀመሪያው ምሳሌ ናት፤ በእርሻ ውስጥ የተሰወረ መዝገብ አግኝቶ መልሶ የሸሸገው፣ ያለውንም ሁሉ ሸጦ እርሻውን የገዛው ሰው የሁለተኛው ነው። መምህራን ሁለቱንም ምሳሌዎች ወደ መንግሥተ ሰማያት ምሥጢር እንደሚያወጧቸው አውቃለሁ፤ እኔ ግን ለጊዜው ከአፈሩ አልነሣም።

የተደበቀ ንዋይ የፍርሃት ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ በየመን፣ በኤደን አገር፣ አል ማዳሪባ በሚባል ስፍራ ከ1,000 የሚበልጡ የወርቅ ሳንቲሞች በአንድነት ተገኙ፤ የሚበዙት የአክሱም ነገሥታት፣ የቀሩት የሮም ቄሣሮች ነበሩ። በደብረ ዳሞም፣ ሰው በጠፍር ገመድ ተጎትቶ በሚወጣበት በዚያ አምባ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1940 ከ100 የሚበልጡ የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተው፣ ሲመረመሩ በሰሜን ሕንድና በአካባቢው ይገዙ የነበሩ የኩሻን ነገሥታት ሆኑ፤ ገዳሙ ከመመሥረቱ በፊት ብዙ ዘመን ቀድመው የተቀረጹ ናቸው። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም፤ አያቶቻችን ሽፍታ በተነሣ፣ ዘመቻም በተሰማ ቁጥር ጠገራ ብራቸውን በገንቦ አድርገው ከጓዳ ወለል ሥር ይቀብሩ ነበር፤ ቀባሪው ሳይናዘዝ የሞተ እንደ ሆነ ወራሾቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ወለል ሲቆፍሩ፣ እርስ በርሳቸውም ሲጠራጠሩ ይኖራሉ፤ ቤቱን የገዛው እንግዳ ምሰሶ ሲተክል ያገኘው እንደ ሆነም ሙግቱ ከዳኛ ደጅ አይጠፋም። ተቀብሮ የተገኘ ገንዘብ ሁሉ እመለሳለሁ ብሎ ያልተመለሰ ሰው አለው።

የጠፋው ግን ሌላ ነው፤ እኔንም ይበልጥ የሚደንቀኝ እርሱ ነው። ዜና መዋዕል ጸሓፊ ጌታውን ሊያስደስት ይጽፋል፤ የሐውልት ጽሕፈት ድልን ሊያበሥር ይቀረጻል፤ የተደበቀ ንዋይ እንኳ የደባቂውን አሳብ ይናገራል፤ ከመቀነት ጫፍ ሾልካ የወደቀች ሳንቲም ግን ለማንም ትናገር ዘንድ አልታሰበችም፤ ስለዚህ ምስክርነቷ ከአድልዎ ንጹሕ ነው። ምስክርነቷም በፊቷ ላይ ከተጻፈው ይልቅ በወደቀችበት ስፍራ ነው፤ በመድረክ ድንጋይ ሥር ነው ወይስ በመቃብር አፍ፣ ከምን ዓይነት የሸክላ ስባሪ ጋር፣ ከየትኛው የአመድ ንጣፍ በላይ፣ ከየትኛውስ በታች? የፊቷን ጽሕፈት ያወጣው ንጉሥ ነው፤ ስፍራዋን ግን ማንም አልመረጠላትም። ዲቴክተሩ ከነዚህ ሁሉ አንዱንም አይሰማም፤ የሚሰማው ብረት መሆኗን ብቻ ነው።

የአክሱምን ሳንቲሞች ብንመለከት ነገሩ ይገለጥልናል። ንጉሥ እንዱቢስ እ.ኤ.አ. በ270 ገደማ በስሙ የወርቅና የብር ሳንቲም ካስቀረጸ ጀምሮ እስከ 7ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ፣ ነሐስም ተጨምሮ፣ የአክሱም ነገሥታት ያለማቋረጥ ገንዘብ ሠርተዋል፤ በዚያ ዘመን በወርቅ ላይ መልኩን የሚያትም መንግሥት በዓለም ላይ የሚቈጠር ነበር። በወርቁ ላይ የንጉሡ ራስ በግራና በቀኝ በስንዴ ዛላ ተከቦ ይታያል፤ ጽሕፈቱም በብዛት ከባሕር ማዶ ነጋዴ ጋር የሚያግባባ ጽርእ ነው፤ በብሩና በነሐሱ ላይ ግን፣ ከንጉሥ ወዘባ ጀምሮ፣ ግእዝ እየገባ ሄደ። ኢዛና ከማመኑ በፊት ከራሱ በላይ ጨረቃና ክብ ነበረ፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ካስተማረው በኋላ ግን ጨረቃው ወርዶ መስቀል ተተካ፤ በዚህም ኢዛና መስቀልን በገንዘቡ ላይ ከቀረጹ የዓለም ነገሥታት ከቀዳሚዎቹ ይቈጠራል።

ከነዚህ ሁሉ እኔን ይዞ የሚያቆየኝ ግን ወርቁ ሳይሆን፣ ከኢዛና ዘመን በኋላ የተሠራው ስም የለሹ የነሐስ ሳንቲም ነው። ስፋቱ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም አይበልጥም፤ አረንጓዴ ዝገት ለብሶ ከአፈር ሲወጣ ላላስተዋለው ጠጠር ይመስላል። በአንዱ ፊቱ የንጉሥ መልክ አለ፤ በዙሪያውም በጽርእ «ንጉሥ» የሚል ቃል ብቻ ተጽፏል፤ የየትኛው ንጉሥ እንደ ሆነ አይናገርም። በሌላው ፊቱ መስቀል አለ፤ ዙሪያውን የሚሄደው ጽሕፈት፣ ወደ አማርኛ ስንመልሰው፣ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» ይላል። ስሙን ከገንዘቡ ላይ አውጥቶ የሕዝቡን ደስታ ያስገባ ንጉሥ ይህን ያደረገው በትሕትና ይሁን በብልሃት፣ ወይም በሁለቱም፣ መፍረድ ይቸግራል፤ ምኞቱንም የጻፈው በገበያው ከተቀመጡት የሚበዙት በማያነቡት ቋንቋ ነው። ሆኖም ከአክሱም ሳንቲሞች ሁሉ በብዛት የሚገኘው ይኸው ነው። ስማቸውን በወርቅ ያሳተሙት ጥቂት ጥቂት ሲገኙ፣ ስሙን የተወው በየማሳው ይለቀማል።

ሌላም ነገር አለ። በአንዳንዱ የአክሱም ብርና ነሐስ ላይ፣ በመስቀሉ መካከል ወይም በንጉሡ ራስ ዙሪያ፣ ስስ ወርቅ ተለብጦ ይገኛል። እንዲህ ያለ ሥራ በሌላው ዓለም ገንዘብ ላይ የተለመደ አልነበረም። አንጥረኛው አንዲት ትንሽ ሳንቲም ለማስጌጥ፣ ለዚያውም በምስር ገበያ ለምትጠፋ፣ ያን ያህል መድከሙ በንግድ ሒሳብ የሚገባ ነገር አይደለም፤ እኔ ስለ መስቀሉ ክብር ያደረገው ይመስለኛል።

የአክሱም ገንዘብ ወደ አውሮፓ ሊቃውንት ዕውቀት የገባው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ሐበሻን ከጎበኘው ከጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ወዲህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1906 የኤኖ ሊትማን ጓድ አክሱምን መረመረ፤ ኢጣሊያዊው አንዛኒ እ.ኤ.አ. በ1926 መጽሐፍ ጻፈበት፤ ከእነርሱም በኋላ እንግሊዛዊው ስቱዋርት መንሮ ሄይ ዕድሜውን ለዚሁ ሰጠ። ከድካማቸው የተገኘው ፍሬ ግን ለእኛ ከባድ ጥያቄ ይዞ መጣ። እንዱቢስ በገድልም በነገሥታት ዝርዝርም አይታወቅም፤ ኢባና የሚባለውም ንጉሥ እንዲሁ፤ ሁለቱም የሚኖሩት በሳንቲማቸው ብቻ ነው። በአንጻሩ፣ በቅዱስ ያሬድ ዜማ ተመስጦ ጦሩ የማኅሌታዩን እግር ሲወጋ ሁለቱም ያልታወቃቸው ዐፄ ገብረ መስቀል፣ በሊቃውንትና በካህናት አፍ እስከ ዛሬ ሲወደሱ የሚኖሩት ዐፄ ገብረ መስቀል፣ በዚህ ስማቸው የተቀረጸ አንድ ሳንቲም እንኳ የላቸውም። ለመሆኑ ዲቴክተር ያልጮኸለት ንጉሥ አልነገሠም ይባላልን? ወይስ ገድል ያልተጻፈለት እንዱቢስ ወርቁ በእጃችን ሳለ ተረት ይሁን? ከሁለት አንዱን ለመምረጥ የሚቸኩል ሰው፣ ሁለቱም የተረፉት በተለያየ ምክንያት መሆኑን ዘንግቷል፤ ገብረ መስቀልን ያቆያቸው ፍቅር ነው፣ እንዱቢስን ያቆየው የማይዝግ ብረት ነው።

ይህን ነገር ይበልጥ የሚያስረዳው የጨው ታሪክ ነው። የአክሱም ገንዘብ መቀረጽ ከቀረ ወዲህ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በስማቸውና በመልካቸው ብር እስኪያስቀርጹ ድረስ፣ በሐረር አሚሮች ከተሠራው መሐለቅ በቀር፣ በምድራችን የራሷ የሆነ የተቀረጸ ገንዘብ አልነበረም፤ ከ1,200 ዓመት በላይ መሆኑ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ግን ገበያ አልቆመም። ሳንቲሙ ገና በሚቀረጽበት ዘመን እንኳ ያለ ሳንቲም ይነገድ ነበር፤ ኮስማስ የሚባለው የእስክንድርያ ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዓመት እንደ ጻፈው፣ የአክሱም ነጋዴዎች ሳሱ ወደሚባለው የወርቅ አገር በሬ፣ ጨውና ብረት እየነዱና እየጫኑ ይወርዱ ነበር፤ ሰፈራቸውን በእሾህ አጥረው፣ በሬውን አርደው፣ ሥጋውን፣ ጨውንና ብረቱን በአጥሩ ላይ ያኖራሉ፣ የአገሩ ሰው መጥቶ ከወደደው አጠገብ ወርቁን አኑሮ ፈቀቅ ይላል፣ ባለ ሸቀጡ ወርቁ ከበቃው ያነሣዋል፣ ካልበቃውም ይተወዋል፤ ቋንቋ ለቋንቋ ስላልተዋወቁ አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ይለያያሉ። የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሲሄድ፣ ጨው በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ ሲሠራ አይቷል። አሞሌ የሚባለው ይህ ጨው ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋ ይወጣል፤ ከተቆረጠበት በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ባለቤቱም እርጥበት እንዳይፈታው ከምድጃው አጠገብ፣ ጢስ በሚደርስበት ስፍራ ያኖረዋል፤ የተሰበረውም ወደ ወጥ ይገባል።

እንግዲህ ባለ ዲቴክተሩ በላስታ ተራሮች፣ ወይም በመካከለኛው ዘመን ነገሥታት የድንኳን ከተሞች በተተከሉባቸው የሸዋ ሜዳዎች ላይ ቢሰማራ፣ መሣሪያው የቢላዋ ስባሪና የፈረስ ዕቃ ካልሆነ በቀር ምን ይነግረዋል? የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት የፈለፈሉ እጆች የተገበያዩበት፣ በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን ዕጣንና ማር የተሸጠበት ገንዘብ በዝናብ ሟሟ፣ በወጥ ውስጥ ተበላ፣ በላም ተላሰ። አንድ ሺሕ ዓመት ሙሉ የሠራ፣ የነገደ፣ ያተረፈና የከሰረ ሕዝብ ከአፈሩ ውስጥ ለዚህ ማሽን የሚመልስለት ድምፅ የለውም። እኔ ዲቴክተር የሚያመጣልንን ዕውቀት የማልንቀውን ያህል፣ ዝም ሲል ባዶ ነው ብሎ የሚፈርደውን ሰው እፈራዋለሁ፤ ታሪካችን በዚህ ዓይነት ፍርድ ብዙ ተጎድቷልና።

መሣሪያው በቅን እጅ ሲያዝ ምን እንደሚሠራ የሚያሳይ አንድ ታሪክ ከእንግሊዝ አገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1992፣ በሰፎክ ክፍለ ሀገር፣ ሆክስን በሚባል መንደር፣ አንድ ገበሬ በማሳው ላይ መዶሻ ጠፋበት፤ ዲቴክተር ያለው ወዳጁም ሊፈልግለት መጣ። በመዶሻው ፈንታ የብር ማንኪያ፣ የወርቅ ጌጥና ብዙ ሳንቲም ከአፈሩ ሲወጣ ባየ ጊዜ፣ ሰውዬው የቻለውን ያህል ከማፈስ ይልቅ መቆፈሩን ተወና ለባለሥልጣኖች አስታወቀ። በማግስቱ ባለሙያዎች መጥተው የቀረውን እንደ ነበረ አነሡት፤ ወደ 15,000 የሚጠጋ የሮም ወርቅና ብር ሳንቲም ነበረ። መቆፈሩን ስለተወም፣ ሀብቱ በአንድ የባሉጥ እንጨት ሣጥን ተከቶ እንደ ነበረ፣ በውስጡም ምኑ ከምኑ አጠገብ እንደ ተቀመጠ ሊታወቅ ቻለ። የኋለኞቹ ሳንቲሞች የተቀረጹት እ.ኤ.አ. በ407 ገደማ ነው፤ የሮም መንግሥት ከብሪታንያ የሚለቅበት፣ በአክሱም ያ ስም የለሽ ነሐስ ከሚሠራበት ዘመን የማይርቅ ጊዜ ነው። ለሀብቱ 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ተከፈለ፤ አግኚው ከገበሬው ጋር ተካፈለው። መዶሻውም ኋላ ተገኘ፤ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ከሀብቱ ጋር ይኖራል። አገሩ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው ሕግ የሀብቱን መገለጥ ግዴታ አደረገ፣ ለአግኚውም ዋጋ የሚከፈልበትን ሥርዓት አበጀ፤ በሌሊት በድብቅ የሚቆፍሩ ሌቦች ግን ዛሬም እንዳሉ ይታወቃል።

ለመሆኑ የሞተ ቄሣር ገንዘብ ለማን ይመለሳል? መልኩ የታተመበት ንጉሥ አልፏል፤ የጣለው ሰው አልፏል፤ ወራሹም አይታወቅም። የቀሩት ሦስት ናቸው፤ ያገኘው፣ ባለ ማሳው፣ አገሩ። ብረቱን ሦስቱ በሕግ ቢከፋፈሉት አልከራከርም፤ የወደቀበትን ስፍራ ግን ማንም ለብቻው ሊወስደው አይችልም፤ የሚችለው ማጥፋት ብቻ ነው።

በአክሱምና በዙሪያው ያለ ዲቴክተርም ሳንቲም ይገኛል። ክረምቱ አፈሩን ባጠበ፣ ማረሻውም መሬቱን በገለበጠ ጊዜ፣ ገበሬውና እረኛው ልጅ ነሐሱን ይለቅሙታል፤ ጥቂቱ ለሙዚየም ይደርሳል፣ ብዙው ለቱሪስት ይሸጣል፤ ከእውነተኛው ጋር ተቀላቅሎም ትናንት በጓሮ የተቀለጠ ይሸጣል። ሻጩ ለዓይን እንዲያምርለት በሎሚና በአመድ ያሸዋል፤ አረንጓዴው ሲለቅ ስሱ ወርቅም አብሮ ይለቃል። የአንጥረኛው ድካም ከ1,500 ዓመት በኋላ በአንድ ከሰዓት ይታጠባል። ልጁን አልወቅሰውም፤ ደብተርና እርሳስ የሚገዛለት ነውና። የምወቅሰው ገዢውን ነው፤ በኪሱ ይዞት የሚሄደው ቀድሞ በመጽሐፍ የታወቀ የንጉሥ ስም ነው፤ ያልታወቀውን፣ ስፍራውን፣ ለዘላለም አጥፍቶ ሄዷል። ሕጉም አልጎደለንም፤ በ1958 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ፣ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 209/1992፣ ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግና መቆፈር ተከልክሏል፤ በአጋጣሚ ያገኘም እንዲያስታውቅ ታዟል። አሁን ደግሞ በባህላዊ መንገድ ወርቅ የሚፈልጉት ዲቴክተር መያዝ ጀምረዋል፤ ከወርቅ ወንዝ ወደ ፈረሰ ከተማ ያለው መንገድ ረጅም አይደለም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በማሳህም ሆነ በመንገድህ አሮጌ ሳንቲም ብታገኝ አትሸው፣ አትጠበው፣ አትሽጠው፤ ከየትኛው ድንጋይ ሥር፣ ከምን ጋር፣ በምን ያህል ጥልቀት እንዳገኘኸው በወረቀት ጻፍና፣ ሌላውን ሳትቆፍር፣ ለወረዳህ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስታውቅ። እንግዳ ሆነህ አክሱም ብትሄድና በመዳፉ ነሐስ ይዞ ልጅ ቢከተልህ፣ ለደብተሩ የሚሆነውን ገንዘብ ስጠው፤ ነሐሱን ግን አትግዛው።